«ሰውነቷ አልቀበልም አለ»፦ በጡት ኢምፕላንት ዙሪያ ስለሚሠራው የጠባሳ ከረጢት

(በደሴ ከተማ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተሰናዳ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼና ተማሪዎች፣ የጦሳን ጭጋግና የዛሬውን ብርድ ሳትሉ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የንግግሩ ርእስ በተለጠፈ ጊዜ «ይህ ለደሴ ሰው ምን ይፈይድለታል?» የሚል ጥያቄ እንደተነሣ አዘጋጆቹ ሳይደብቁ ነግረውኛል፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ጡት ውስጥ ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡትን ለማተለቅ ወይም በሕክምና የተነሣን ጡት ለመተካት የሚቀበር፣ ሲሊኮን ከሚባል ጎማ መሰል ነገር በተሠራ ቅርፊት ውስጥ ያለ ጄል፣ ማስገባት በከተማችን በየሳምንቱ የሚሠራ ሕክምና አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚህ አካባቢ ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው ለዓመታት ከሠሩ በኋላ ከተመለሱ እህቶቻችን መካከል ኢምፕላንት ያላቸው አሉ፤ ሲታመሙም የሚሄዱት ቀዶ ሕክምናውን ወደሠራላቸው ሐኪም ሳይሆን ለቤታቸው ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ነው። ከዚያም በላይ፣ በኢምፕላንት ዙሪያ የሚሆነው ነገር በክንድ ውስጥ በተቀበረ የወሊድ መከላከያ ዙሪያ፣ በልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ዙሪያ፣ በተሰበረ አጥንት ላይ በታሰረ ብረት ዙሪያ፣ በጦርነቱ ጊዜ በሥጋ ውስጥ በቀረ ፍንጣሪም ዙሪያ የሚሆነው ነው። አንዱን በደንብ ያወቀ ሌሎቹን ለመረዳት አይቸገርም።

ኢምፕላንቷ የጠነከረባት ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ብዙውን ጊዜ የበሽታውን ስም ራሷ ሰጥታው ነው የምትመጣው፤ «ሰውነቴ አልቀበልም አለ» ትላለች። ቤተሰቧም እንዲሁ ይላል፤ እኛ ባለሙያዎቹም ወረፋው ሲረዝምና ጊዜ ሲያጥረን ይህንኑ እንደግማለን። አባባሉ ለአፍ ይቀላል፤ ነገር ግን ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አንድ ሰው የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተከልለት፣ የሰውነቱ መከላከያ በአዲሱ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ የሌላ ሰው መሆናቸውን የሚናገር ምልክት ያነባል፤ ያንን ምልክት ለይተው የሚያውቁ ሕዋሳትም ያሰማራና ኩላሊቱን ሊያጠፋው ይነሣል። አለመቀበል ማለት ይህ ነው፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው መከላከያን የሚያደክም መድኃኒት ያለማቋረጥ የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲሊኮን ግን ሕዋስ የለውም፤ የማንም ሰው ምልክት የለበትም። ሰውነት በሲሊኮን ላይ የሚያደርገው፣ ገበሬ በማሳው መካከል ሊነቅለው ባልቻለው ቋጥኝ ላይ ከሚያደርገው ጋር ይመሳሰላል፤ መጀመሪያ ሊያነሣው ይታገላል፣ ሲያቅተው ዙሪያውን አርሶ ይተወዋል። የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ ስለዚህ ዙሪያውን ስለማረስ፣ አንዳንድ ጊዜም ሥራው ማብቃት ሲገባው ሳያበቃ ስለሚቀርበት ምክንያት ነው።

ትግሉን በዓይኑ ካዩት ሰዎች አንዱ በሩሲያ ግዛት የተወለደው ኤሊ ሜችኒኮቭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ሳለ፣ እንደ መስታወት ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ቆዳ ሥር እሾህ ሰካ፤ በማግሥቱ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት መጥተው እሾሁን ከበውት አገኘ። ለዚህና ከዚህ ለተነሣው ምርምሩ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እነዚህን ሕዋሳት ዛሬ በሰው ላይ ማክሮፌጅ እንላቸዋለን፤ ትርጉሙ «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። እግሩ ውስጥ እሾህ ተሰብሮ የቀረበት እረኛ ከቀናት በኋላ በእሾሁ ዙሪያ የሚሰማው ጠጣር እብጠት የእነዚሁ በላተኞች ስብሰባ ነው።

ኢምፕላንቱ ጡት ውስጥ በገባባት ቅጽበት ሲሊኮኑን ቀድሞ የሚነካው ግን ሕዋስ አይደለም። ከደምና ከቁስሉ ፈሳሽ የሚመጡ ፕሮቲኖች፣ አልቡሚን፣ ፋይብሪኖጅንና ፋይብሮኔክቲን የሚባሉት፣ ወዲያው ላዩ ላይ ይለጠፋሉ። ስለዚህ ከዚያች ቅጽበት በኋላ የሰውነት ሕዋሳት ባዶውን ሲሊኮን አያገኙትም፤ የሚያገኙት የገዛ ሰውነታቸውን ፕሮቲን የለበሰ ሲሊኮን ነው። ችግሩ ፋይብሪኖጅን ሲለጠፍ ቅርጹ መዛባቱና በደም ውስጥ ሲንሳፈፍ የተሸሸገ ጎኑ ወደ ውጭ መዞሩ ነው፤ ማክሮፌጅ ያንን ጎን ሲነካ «እዚህ ቁስል አለ» የሚል መልእክት ያነባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ደርሰው ይጠፋሉ፤ ከዚያ ማክሮፌጆች ይመጡና ይሰፍራሉ።

ማክሮፌጅ ያገኘውን ለመዋጥ ይሞክራል። አንድ ሚሊ ሜትር ለ1000 ቢከፈል፣ የአንዱ ማክሮፌጅ ስፋት ከእነዚያ ክፋዮች 20 ያህሉን ነው፤ ኢምፕላንቱ ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ሊኖረው ይችላል። ጉንዳን ዝሆን ልትውጥ ስትሞክር አስቡት። ብቻውን ሲያቅተው ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል፤ ብዙዎች ተዋሕደውም ብዙ እንብርት (ኒውክለስ) ያለው አንድ ግዙፍ ሕዋስ ይሆናሉ፤ ለግዙፉም ሕዋስ ኢምፕላንቱ አይዋጥለትም።

እዚህ ላይ ከርእሴ የወጣሁ የሚመስል፣ ግን ያልወጣሁበት ነገር ልጥቀስ። የእናቶቻችንን የአንገት ንቅሳት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ጥላሸት ከአርባና ሃምሳ ዓመት በኋላም ያልጠፋው ለምንድን ነው? ቅንጣቶቹ ጥቃቅን ስለሆኑ ማክሮፌጆች ዋጧቸው፤ ሊፈጯቸው ግን አልቻሉም፤ ስለዚህ በሆዳቸው እንደያዟቸው ቆዳው ውስጥ ተቀመጡ። አንዱ ማክሮፌጅ ሲሞት የያዘው ቀለም ይፈስሳል፣ ሌላው መጥቶ ይረከበዋል። ንቅሳትና ኢምፕላንት በአንድ ዓይነት ሕዋስ እጅ የወደቁ ሁለት ባዕዳን ናቸው፤ ልዩነታቸው ትንሹ ተውጦ መኖሩ፣ ትልቁ ደግሞ ሳይዋጥ ቀርቶ መታጠሩ ብቻ ነው።

አጥሩን የሚሠሩት ሌሎች ሕዋሳት ናቸው። መዋጥ ያቃታቸው ማክሮፌጆች የኬሚካል መልእክት ይልካሉ፤ ከመልእክቶቹ ዋነኛው ቲጂኤፍ-ቤታ ይባላል። መልእክቱ የሚደርሳቸው ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ሲሆኑ ሥራቸው ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን መፍተል ነው። ኮላጅን ማለት ጅማታችን፣ የቆዳችን ውስጠኛ ክፍልና ማንኛውም ጠባሳ የተሠራበት ክር ነው። መጀመሪያ የሚፈተለው ቀጠን ያለው፣ ሦስተኛው ዓይነት የሚባለው ኮላጅን ነው፤ ቀስ በቀስ ወፍራምና ጠንካራ በሆነው በአንደኛው ዓይነት ይተካል። በሳምንታት ውስጥ ኢምፕላንቱን ከየአቅጣጫው የከበበ ስስ ሽፋን ይታያል፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ይበስላል። ሐኪሞች ካፕሱል ይሉታል፤ እኔ ግን ቃሉ የምትውጡትን መድኃኒት እንዳያስታውሳችሁ ከረጢት እያልሁ እቀጥላለሁ።

ይህን ከረጢት በዓይናችሁ ለማየት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት አያስፈልጋችሁም፤ በመካከላችሁ ያላችሁ ነርሶችና አዋላጆች በእጃችሁ ስትቀድዱት ኖራችኋል። ኢምፕላኖን የሚባለው በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ዘንግ ነው። ጊዜው ሲያበቃ ክንዱን አደንዝዛችሁ፣ አንደኛውን ጫፍ በጣታችሁ ገፍታችሁ፣ ሌላኛው ጫፍ ቆዳውን ሲወጥረው በምላጭ ጥቂት ትቀድዳላችሁ። ዘንጉ ጎልቶ ይታያል፤ ነገር ግን አይወጣም። ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ሥር እንዳለው ስስ ሽፋን የመሰለ ነገር ጫፉ ላይ ተወጥሮ ይዞታል። ያንን በምላጩ ጫፍ ስትጭሩት ዘንጉ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ሽፋኑ ደግሞ ባዶ ቱቦ ሆኖ በክንዱ ውስጥ ይቀራል። ያ ሽፋን ነው ዛሬ የምንነጋገርበት። ሴትዮዋ ለሦስት ዓመት ተሸክማው ስትኖር አላመማትም፣ መኖሩንም አላወቀችም።

በጡትም ውስጥ የሚጠበቀው ይኸው ነው። ኢምፕላንት ያለባት ሴት ሁሉ ከረጢት አላት፤ ከረጢት ያልሠራ ሰውነት ቢኖር የሚያስገርመን እርሱ ነበር። ብዙውን ጊዜ ከረጢቱ ስስና ለስላሳ ነው፤ ኢምፕላንቱ ወደ ብብት ወይም ወደ ሆድ እንዳይንሸራተት በቦታው ይይዘዋል፤ የኢምፕላንቱ ቅርፊት ቢቀደድም ጄሉ ለጊዜው ከዚያ አልፎ እንዳይበተን ያግደዋል። ስለዚህ ከረጢት መኖሩ ሰውነት የራሱን ሥራ በሥርዓት እንደጨረሰ ያሳያል። የሚያስጨንቀን ሌላ ነገር ነው፤ ተሠርቶ ያለቀው ከረጢት እንደገና መጥበብ ሲጀምር።

አሁን ይህችን ፌስታል ተመልከቱ። (ተናጋሪው እስከ ግማሽ ውኃ የተሞላች ፌስታል ከጠረጴዛው አንሥተው ለፊተኛው ረድፍ አሳልፈው ሰጥተዋል።) ዳብሷት፤ ትዋልላለች፣ በእጃችሁ ላይ ተዘርግታ ትተኛለች። አሁን አፏን ይዛችሁ አጠማዝዙት፤ እንደገና አጠማዝዙት። እያጠበባችኋት ስትሄዱ ተድቦልቡላ ኳስ ሆነች፤ ብትጫኗትም አትሰረጉድም። ውኃው ውኃ ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፣ አልረጋም። የተለወጠው የያዘው ነገር ስፋት ነው። የተወሰነ ይዘትን በትንሹ ገጽ መሸፈን የሚችል ቅርጽ ድቡልቡል ብቻ ስለሆነ፣ ማናቸውም ከረጢት ሲጠብ ይዘቱን ወደ ኳስነት ይገፋዋል። የጠነከረ ጡት ሲዳሰስ ድንጋይ የሚመስለው፣ ወደ ላይ ተስቦ ክብ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። «ሲሊኮኑ ደረቀ» ወይም «ሲሊኮኑ ደነደነ» የሚባለው ስህተት ነው። የጠነከረባትን ሴት ጡት ከፍቶ ከረጢቱን የቀደደ ሐኪም የሚያገኘው ኢምፕላንት አብዛኛውን ጊዜ እንደገባበት ዕለት ለስላሳ ነው።

ከረጢቱ የሚጠበው በምን ጉልበት ነው? ኮላጅን ክር ነው፤ ክር ራሱን አይጎትትም፤ የሚጎትተው እጅ ያስፈልገዋል። ይህን እጅ እ.ኤ.አ. በ1971 ጁሊዮ ጋቢያኒና ባልደረቦቹ በሚድን ቁስል ውስጥ አገኙት። አንዳንዶቹ ፋይብሮብላስቶች በውስጣቸው የጡንቻ ሕዋስ የሚኮማተርበትን ዓይነት ፕሮቲን አብጅተው ነበር፤ ስለዚህ ማዮፋይብሮብላስት ተባሉ፤ ግማሽ ፈታይ፣ ግማሽ ጡንቻ እንደማለት ነው። ቁስል ሲድን ጠርዞቹ ወደ መሀል የሚሳቡት በእነርሱ ነው፤ ሥራቸውን ሲጨርሱም መሞት አለባቸው። ሳይሞቱ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን እኛ የወሎ ሐኪሞች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ምድጃ ላይ የወደቀ ሕፃን ከስድስት ወር በኋላ ወደ እኛ ሲመጣ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተጣጥፈው፣ ወይም አገጩ ወደ ደረቱ ተስቦ እናየዋለን። ያን ጣት የቆለፈው ጠባሳና ያንን ጡት ያጠጠረው ከረጢት በአንድ ዓይነት እጅ የተጎተቱ ናቸው። በቃጠሎው ላይ ጠባሳው የተዘረጋ ስለሆነ መገጣጠሚያውን ያጥፋል፤ በኢምፕላንቱ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የገጠመ ስለሆነ ወደ ውስጥ ይጨምቃል።

እዚህ ላይ «አልቀበልም አለ» የሚለውን አባባል የሚያፈርስልን አንድ ቀላል ነገር አለ። አንዲት ሴት ሁለት ኢምፕላንት አላት፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐኪም እጅ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፤ የሚያጠጣቸው ደም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው አንደኛው ብቻ ነው። አለመቀበሉ የመላ ሰውነቷ ቢሆን ኖሮ ግራው ቀኙን ጥሎ ባልቀረ ነበር። ስለዚህ ማክሮፌጆቹን ዕረፍት የነሣቸው ነገር፣ ማዮፋይብሮብላስቶቹንም እንዳይሞቱ ያደረጋቸው ነገር፣ በዚያ በአንዱ ጎን ውስጥ መፈለግ አለበት።

በዛሬው ዕውቀት ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ፊት የሚቆመው ባክቴሪያ ነው፤ ነገር ግን መግል የሚያመጣው፣ ትኩሳት የሚያስነሣው ዓይነት አይደለም። በቆዳችን ላይ በሰላም የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የሚባለው ባክቴሪያ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ኢምፕላንቱ ላይ ከሰፈረ ባዮፊልም ይሠራል። ባዮፊልም ምን እንደሆነ ለማወቅ ውኃ በወር ስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚቆጥር የደሴ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሳምንታት ውኃ ያጠራቀማችሁበትን ቢጫ ጀሪካን ባዶ ካደረጋችሁ በኋላ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳውን ብትነኩት ያዳልጣል። ብታለቀልቁት አይለቅም፤ በአሸዋና በጠጠር ካልናጣችሁት በቀር። ያ የሚያዳልጠው ነገር ባክቴሪያዎች ራሳቸው ያመነጩት ሙጫ ነው፤ በሥሩም ተሸሽገው ይኖራሉ። ሙጫው በኢምፕላንቱ ላይ ሲሆን ነጭ የደም ሕዋስ በቀላሉ ዘልቆ አይገባበትም፤ መድኃኒትም በቂ ሆኖ አይደርስበትም። ሴትየዋ አታተኩስም፣ ቁስሏ ድኗል፣ የደም ምርመራዋም ደህና ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ማክሮፌጆች ግን ጠላት በአጠገባቸው እንዳለ ስለሚያውቁ ለዓመታት መልእክት መላካቸውን አያቆሙም፤ መልእክቱ እስከመጣ ድረስም ፈታዩና ጎታቹ ሥራውን አይተውም።

ለዚህ ነው በዚህ ሙያ የተካኑ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ለውጭ ሰው ከልክ ያለፈ የሚመስል ጥንቃቄ የሚያደርጉት። የወተት ቱቦዎች ውስጥ ባክቴሪያ ስለማይጠፋ የጡቱን ጫፍ በሚለጠፍ ሽፋን ይከድኑታል፤ በጫፉ ዙሪያ ከመቅደድ ይልቅ ከጡቱ ሥር ባለው እጥፋት መቅደድን ይመርጣሉ፤ ኢምፕላንቱን ከመያዛቸው በፊት ጓንታቸውን ይለውጣሉ፤ ኢምፕላንቱ የሚቀመጥበትን ክፍተት በባክቴሪያ ማጥፊያ ያጥቡታል፤ ኢምፕላንቱ ቆዳውን ሳይነካ እንዲገባም ውስጡ በሚያንሸራትት ቀጭን ጆንያ መሰል ማስተላለፊያ ያሳልፉታል። የጓንት መለወጡ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ እኔ ለአጥንት ብረትም ሆነ ለሌላ ማናቸውም ባዕድ ነገር ተማሪዎቼን የማስገድዳቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጓንት ዋጋ ጨምሯል ተብሎ የሚሰጠኝንም ሰበብ አልቀበልም።

ከባክቴሪያው ቀጥሎ የታቆረ ደም ይመጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የተጠራቀመ ደም ካልወጣ ለባክቴሪያው ምግብ፣ ለማክሮፌጁም ተጨማሪ ሥራ ይሆናል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብቻው መነገር የሚገባው ነው። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ጡታቸው ከተነሣ በኋላ ጨረር የሚያስፈልጋቸውም ብዙ ናቸው። ለረጅም ዓመታት ይህ ሕክምና በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ከዚህ ተነሥተው አዲስ አበባ ለወራት ወረፋ የጠበቁ እናቶችን አውቃለሁ። ጨረር ካንሰሩን ሲገድል ደኅናውን ሥጋ ያደርቃል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ጠባሳንም ያወፍራል። ኢምፕላንት ባለበት ጡት ላይ ጨረር ሲሰጥ ከረጢቱ የመጥበቡ ዕድል በጣም ይጨምራል። ጡቷን መልሳ ማሠራት ለምትፈልግ፣ ጨረርም ለምትወስድ ሴት፣ ከሆዷ ወይም ከጀርባዋ የራሷን ሥጋ አዛውሮ መሥራት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ስለ ኢምፕላንቱ ታሪክ ጥቂት ልናገር፤ ታሪኩ ራሱ ከከረጢቱ ጋር የተደረገ ድርድር ነውና። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት በሰው ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ ነው፤ ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮ፣ ሴትየዋ ቲሚ ጂን ሊንድሲ ነበሩ። የሚገርመው ወደ ሆስፒታሉ የሄደችው ጡቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ለማስጠፋት ነበር። በዚያ ዘመን ኢምፕላንቱ በጀርባው ላይ የዳክሮን ጨርቅ ተለጥፎበት ነበር፤ ዓላማው ጠባሳው ጨርቁን ይዞ ኢምፕላንቱን በቦታው እንዲያጸናው ነው። ማለትም ጠባሳውን እንደ ረዳት ቆጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጡቱ ለስላሳ እንዲሆን ተብሎ ቅርፊቱ ሲሳሳ ጄሉ እያዠ ወደ ውጭ ይወጣ ጀመር፤ የጠነከሩ ጡቶችም በዙ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ደኅንነታቸው በቂ ማስረጃ አልቀረበም ብሎ የጄል ኢምፕላንቶችን አጠቃቀም በእጅጉ ገደበ፤ ገደቡ የተነሣው በ2006 ነው።

በዚህ መካከል የመጣውና ለእኔ ከሁሉ የሚመስጠኝ ሐሳብ ገጹን ማሻከር ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የሠራችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ሸማኔ ያለ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ ትረዱታላችሁ። በለስላሳ ገጽ ላይ የኮላጅን ክሮች ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው፣ እንደተወጠረ ድር፣ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ሁሉም በአንድነት ሲጎተቱ ጉልበታቸው ይደመራል። ገጹ ጎድጓዳና ጉብታ ሲበዛበት ግን ክሮቹ ወዲህና ወዲያ ይጠማዘዛሉ፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሲጎትት ሌላው ወደ ሰሜን ይጎትታል፤ ጉልበታቸውም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሐሳቡ በተግባርም፣ በተለይ ኢምፕላንቱ ከጡንቻ በላይ ሲቀመጥ፣ መጥበቡን እንደሚቀንስ ታይቷል። ከጡንቻ ሥር ማስቀመጥም እንዲሁ ይረዳል።

ከዚያ ሌላ ነገር ተከተለ። ሻካራ ገጽ ለክር ሰልፍ ማሳቻ እንደሆነ ሁሉ ለባክቴሪያም ሰፊ መኖሪያ ነው። በሻካራ ኢምፕላንቶች ከረጢት ውስጥ ቲ-ሕዋሳት ከሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት የሚነሣ ብርቅ የሊምፎማ፣ ማለትም የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር፣ ዓይነት መታየት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው ባለሥልጣን ስለዚህ አስጠነቀቀ፣ በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ መዘገበው፣ በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሻካራ ኢምፕላንቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። የጡቱ እጢ ካንሰር አይደለም፤ መነሻው ራሱ ከረጢቱና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው። በጊዜ ከተገኘ ኢምፕላንቱንና ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ በማውጣት ብቻ አብዛኛዎቹ ይድናሉ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፤ ኢምፕላንት ካስገባች ዓመታት ያለፏት ሴት አንደኛው ጡቷ በድንገት በፈሳሽ ቢያብጥባት፣ ፈሳሹ ተቀድቶ ለፓቶሎጂ (ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ክፍል) ሳይላክ «ተመቶ ይሆናል» ተብላ ወደ ቤቷ አትመለስ።

የጥበቱ ደረጃ የሚለካው እስከ ዛሬ በዋናነት በእጅ ነው። ቤከር በተባለ ሐኪም ስም የሚጠራው መለኪያ አራት ደረጃ አለው፤ በአንደኛው ጡቱ እንደ ተፈጥሮው ለስላሳ ነው፣ በሁለተኛው ሲዳሰስ ጠንከር ይላል ግን ለዓይን ደህና ነው፣ በሦስተኛው ዓይንም ያየዋል፣ በአራተኛው ያማል። የአንዱ ሐኪም ሁለተኛ የሌላው ሦስተኛ ስለሚሆን በየጥናቱ የሚወጡት ቁጥሮች እጅግ ይራራቃሉ፤ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቁጥር አይታችሁ ከመደንገጣችሁ ወይም ከመጽናናታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ሕክምናውን በአጭሩ ልለፈው። ቀደም ባለው ዘመን ሐኪሙ ጡቱን በሁለት እጁ ጨምቆ ከረጢቱን ከውጭ ይበጥሰው ነበር፤ ኢምፕላንቱ ይፈነዳል፣ ደምም ይፈስሳል፣ ስለዚህ ተትቷል። ወደ ገበያ ወጥታችሁ ወጌሻ እንዲያሽላችሁ የምታስቡ ካላችሁ የማሸቱ ውጤት ይኸው ነው። ሞንቴሉካስት የሚባለውን የአስም መድኃኒት የሚሞክሩ አሉ፤ ማስረጃው ገና አከራካሪ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ የሚሠራው ከረጢቱን መቅደድ ወይም ፈጽሞ ማውጣት፣ ኢምፕላንቱንም በአዲስ መተካት ወይም ሳይተኩ መተው ነው። አዲስ ከገባ አዲስ ከረጢት ይሠራል።

አዲስ አበባ በሥልጠና ላይ ሳለሁ እንዲህ ባለ ቀዶ ሕክምና ላይ ረዳት ሆኜ ቆሜ ነበር። ሴትየዋ ለብዙ ዓመታት ውጭ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ቀኝ ጡቷ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ በዚያ ጎኗ መተኛት ካቆመች ቆይታለች። መምህሬ ከጡቱ ሥር ቀድዶ ሲገባ ነጭ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ነገር ፊት ለፊታችን ታየ፤ በመሣሪያው ጀርባ ሲያንኳኳው ጠጣር ድምፅ ሰጠ። በምላጭ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንደከፈተው ኢምፕላንቱ በቀዳዳው በኩል እንደ ሊጥ እየፈሰሰ መውጣት ጀመረ። ሳህኑ ላይ ሲያስቀምጠው ጠፍጥፎ ተዘረጋ። ከረጢቱን ለይቶ ሲያወጣው ደግሞ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነበር፤ አንድ ጥግ ላይ ካልሲየም ተጋግሮበት እንቁላል ቅርፊት ይመስላል፤ በጣቶቼ መካከል ይዤ ለማጠፍ ስሞክር ተሰነጠቀ። ፎርማሊን ውስጥ አድርገን ወደ ፓቶሎጂ ላክነው፤ ውጤቱ ጠባሳና የቆየ ብግነት ብቻ፣ ካንሰር የለም የሚል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዙረት ላይ ሳለን «ግራውስ? እሱም አልቀበልም ሊል ነው?» ብላ ጠየቀችው። መምህሬ እጁን ታጥቦ ተመለሰ፤ ግራ ጡቷን ዳሰሰ፤ ከዚያ እኔም እንድዳስሰው አደረገ። ለስላሳ ነበር፤ ሲገፉት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ከቀኙ ጋር በአንድ ቀን የገባ፣ ያንኑ ያህል ዓመት የቆየ፣ እርሱም በከረጢት የታጠረ ነው። «ይሄኛው ከተቀመጠ ቆይቷል፤ እንዲሁ ይኑር» አላት። አልነካነውም።